የየኔታ አክታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሽኝት ተደረገልኝ። የጤና ጣቢያው አዳራሽ ሰው ሞልቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ከኋላ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲያስል ሰማሁና ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። ተመልሼ ሳልቀመጥ የፋርማሲው ባለሙያ፣ ያውም ዲግሪ ያለው ሰው፣ «ብርድ ገባ» ብሎ መልሶ ዘጋው። የሸለሙኝን ጋቢ ታቅፌ፣ የተዘጋውን መስኮት እያየሁ፣ ምስጋናዬን አዳመጥኩ። «ሲስተር ታንጉት ዕድሜዋን ሙሉ ቲቢን የታገለች ጀግና ናት» አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት መስኮት ከሚዘጋ ሰው ጋር ነው። ቲቢ እንኳ አንዳንዴ ይሸነፋል።

ሲያበቃ ወጣቶቹ ነርሶች ከበው «ትዝታሽን ጻፊልን፤ ቆንጆ ቆንጆውን» አሉኝ። ቆንጆው ጥቂት ነው። የእኔ ሥራ አክታ ነበር፤ ማስወጣት፣ ማየት፣ ማስመርመር፣ ከዚያ ለወራት ኪኒን ሲዋጥ ቆሞ መመልከት። የሚያስጠላው ይቅርብኝ የሚል ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ነው። ደምበጫ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው እየተጋጨ ፊደል ቆጠርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ የተጻፈውን ከልቡ ያምናል። መጽሐፉ «የጠዋት አክታ» ካለ የጠዋት አክታ ማለት ነው፤ የቀትር ምራቅ አይደለም። በዚህ ጠባዬ የተነሣ አለቆቼ ሁሉ «ደረቅ» ይሉኝ ነበር። ስለ ደመወዝና ስለ ሪፖርት አልጽፍም፤ የሠራ ያውቀዋል፤ ያልሠራ አያምነኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሽንዲ አካባቢ ነው። እዚያ የገባኝ ነገር ቢኖር ሕዝባችን ከዚህ በሽታ የሚጠነቀቀው በተሳሳተው በኩል መሆኑ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ነው የሚሄደው። የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲያዜም ተሕዋሲያኑ ከደረቱ ወጥተው የተዘጋ ቤት አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አብሮት ያለው ይተነፍሳቸዋል። በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በሰሐን አይተላለፍም። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ለታመመው መብሊያና መጠጫ ይለይለታል፤ ጎረቤት እንዳያይ ዕቃውን ከጓሮ ያጥባል፤ ሲመሽ በሩን ጠርቅሞ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፎ፣ አጠገቡ ይተኛል። «ምነው?» ስትሏቸው «ብርድ እንዳይመታው» ይሏችኋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ኪኒን ተሰባስቦ፣ የቀረው አራት ወር ሁለት ዓይነት፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ። ጥቂት ሳምንት እንደዋጠ ሳሉ ይበርዳል፣ ምግብ ይስማማዋል፣ እርሻው ይታየዋል። ከዚያ ይጠፋል። አንድ የወምበርማ ገበሬ በመከር ሰሞን እንዲህ አለኝ፤

«ሲስተር፣ የዳነ ሰው መድኃኒት ሲውጥ እግዜርን መጠራጠር አይሆንበትም?»

«አያ፣ ግማሽ አጥር አጥር ነው?» አልኩት።

«ኧረ አይደለም።»

«ግማሽ መድኃኒትም እንዲያው ነው።»

«እሱስ ልክ ብለሻል» አለና መርቆኝ ሄደ። አልተመለሰም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው ከአውድማ ላይ ያገኘሁት፤ ሲያየኝም «አጥሩን ልታጥሪ መጣሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሥራ የተማርኩት ግን ፍኖተ ሰላም ከተዛወርኩ በኋላ፣ ጋሽ ስማቸው ከሚባሉ አንጋፋ ጤና ረዳት ነው። ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ ትዕግሥትም ብዙ አልነበራቸውም። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መስኮቱን ከፍተው መሬት ላይ ያለ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው መደገፊያ ማድረግ ነው። ድንጋዩን የመረጡት ሆነ ብለው ነው፤ ሕመምተኛ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም። ወንበራቸውን ነፋሱ ከጀርባቸው ገብቶ በሕመምተኛው በኩል እንዲወጣ አድርገው ያስቀምጣሉ። ሐኪም ሲመጣ ወንበሩን ካንቀሳቀሰው ምንም አይሉም፤ ሲሄድ ይመልሱታል።

ኪኒን ሲያውጡ ጉሮሮ ብቻ አያዩም። ሰውየው እንደዋጠ «አገርህ በየት በኩል ነው ያልከኝ?» ብለው ይጠይቁታል። ኪኒኑን ምላሱ ሥር የደበቀ ሰው የአገሩን ስም ጥርት አድርጎ መጥራት አይችልም። ስንቱ በዚህ ተይዟል።

የአክታው ነገር ግን የእሳቸው ጥበብ ነበር። እኛ አገር በሰው ፊት አክታን ጎትቶ መትፋት ነውር ነው፤ በሴት ፊት፣ በታላቅ ፊትማ አይታሰብም። ስለዚህ ጨዋ ሰው ኩባያ ሲሰጠው አፉን ዞር አድርጎ ምራቁን ጠብ ያደርግና በሁለት እጁ ያስረክባል። አንዳንዷ ደግሞ «ምራቄን ወስደሽ ለደብተራ ልትሰጪብኝ ነው?» ትላለች። ጋሽ ስማቸው ሕመምተኛውን ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ይወስዱታል፤ «ትንፋሽህን ስበህ ያዝ፤ አሁን ከደረትህ አንሣው» ይሉና ጀርባቸውን ይሰጡታል። አያዩትም። ይሰሙታል። ከጉሮሮ የመጣ ሳልና ከደረት የተነሣ ሳል ድምፁ ይለያያል፤ እሳቸው በጆሯቸው ለይተው «ገና ነው» ወይም «እሱ ነው» ይላሉ። ከዚያ ኩባያውን ያዘነብሉታል። ምራቅ እንደ ውኃ ይሮጣል፤ አክታ እየተጎተተ ይሄዳል። የሮጠ ከሆነ «ይሄ ለጥርስ ሐኪም ነው» ብለው ይመልሱለታል።

«ታንጉት» ይሉኝ ነበር፣ «ላብራቶሪው አይዋሽም። ግን የሰጠሽውን ብቻ ነው የሚያየው።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ስሙን አልጽፍም። ኃላፊው ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ዓይኑ ከግድግዳው ሰንጠረዥ አይነቀልም። «ታርጌታችን ስንት ደረሰ?» ሰላምታው ይህ ነበር።

እዚያ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ፀደዩ ሲጋመስ፣ አንድ የቅኔ ተማሪ መጣ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ የበግ ለምዱን ለብሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ። አክታው ተመረመረ፤ ቲቢ ነው። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው ከመኪና መንገድ ወዲያ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካለ የገጠር ደብር፣ ከመሪጌታ ዘውዱ ቅኔ ቤት ነኝ አለ። መሪጌታ ዘውዱ ቄስም መምህርም ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«አብሮህ የሚያስል አለ?» አልኩት።

«የለም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ብርድ ነው። ቅኔ ሲዘርፉ መሐል ላይ ያቋርጣቸዋል።»

ያን ስሰማ የሆነብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የቅኔ ቤት ኑሮ የታወቀ ነው። ተማሪው በየጎጆው ተደራርቦ ይተኛል፤ ቅኔው የሚነገረው በየኔታ ጎጆ ውስጥ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቶ ነው፤ ቀን ደግሞ ቁራሽ ሊለምን ቤት ለቤት ይዞራል። ትምህርቱን ሲጨርስ አንዱ ወደ ሽንዲ፣ አንዱ ወደ ደምበጫ፣ አንዱ ወደ ሰሜን አቸፈር ይበተናል። መምህሩ ካሳሉ ያ ሁሉ ልጅ በእሳቸው ሳንባ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ሞተር ብስክሌት ጠየቅኩ።

«ሲስተር፣ አንድ ኩባያ ለመቀበል ያን ሁሉ መንገድ? የክትባት ዘመቻ መኪናው በዚያ በኩል ያልፋል። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ኩባያውን ስጪያት፤ ታምጣው።»

«ሲተፉ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።»

«ሲተፉ?» ብሎ ሳቀ። «መምህር እኮ ናቸው! መትፋት የሚያስተምራቸው ይፈልጋሉ?»

ሞተሩ ለዘመቻው ተይዟል ተባልኩ። ኩባያው ያለ እኔ ሄደ፤ በማግሥቱ ተሞልቶ፣ የየኔታ ስም ተጽፎበት ተመለሰ። አዘነበልኩት፤ የተጎተተ ነው፣ ምራቅ አይደለም። ላብራቶሪው ቀለም ቀብቶ፣ በእሳት አሙቆ፣ አጥቦ፣ በማይክሮስኮፕ ፈለገ። ያ ተሕዋስ ካለ በሰማያዊው መደብ ላይ እንደ ቀይ ስንጥር ሆኖ ይታያል። ምንም የለም። ነጻ።

አላመንኩም። «ይደገም» አልኩ። ኃላፊው፣

«ሲስተር ታንጉት፣ አንቺ ራስሽ አይደለሽ ‹የተጻፈው ይከበር› የምትዪው? ይኸው ተጽፏል» አለኝ።

ወረቀቱ ለየኔታ ተላከ። እኔ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ «ያ ሰውዬ» እያልኩ አነሣለሁ፤ እነሱ ዓይን ለዓይን ተያይተው ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ መንገዱ ተዘጋ። «ይሄ ኬዝ ተዘግቷል» አለኝ ኃላፊው። የሚዘጋ ነገር ሲገኝ እንዴት ደስ እንደሚላቸው!

መስቀል እንዳለፈ አንድ ገበያ ቀን፣ ረጅም፣ ጢሙን ያቀመቀመ ዲያቆን በሬ ላይ ቆመ። ይትባረክ ይባላል። የመሪጌታ ዘውዱ አስነጋሪ ነው፤ ማለት የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ የሚያርመው ታላቁ ደቀ መዝሙር። ነጠላው ሁለቴ ተጠምጥሞበት እንኳ ትከሻው አጥንት ብቻ ነው። የሚተነፍስ ሳይሆን ትንፋሽ የሚዋስ ነበር የሚመስለው።

«እስካሁን የት ነበርክ?» አልኩት።

«ብርድ መስሎኝ ነው ሲስተር። የኔታም ነጻ ስለተባሉ፣ እኛ ጋ ይህ በሽታ የለም ብለን ተቀመጥን።»

ባሕር ዛፍ የለም፤ ከክፍሉ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰድኩት። ኩባያውን ሰጥቼው «መጀመሪያ አፍህን ተጉመጥመጥ፤ ከዚያ ትንፋሽህን ስበህ…» ስለው፣

«አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛዬ ነው» አለኝ።

«መቼ ተመረመርክ?»

«እኔ አልተመረመርኩም። የየኔታ ጊዜ ነው።»

«የየኔታ ጊዜ ምን?»

«የሰጠሁት።»

ኩባያው እጁ ላይ እንዳለ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ያልገባኝ መስሎት በትሕትና ያስረዳኝ ጀመር።

«ኩባያው የመጣው የደብሩ ንግሥ ዋዜማ ነው። የኔታ ሌሊት ገብተው ቀድሰው ቆረቡ። መቼም የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንደማይተፋ ታውቂያለሽ። ያች ልጅ ደግሞ መኪናው አሁን ይመለሳል ብላ ደጅ ቆማለች። ‹ይትባረክ፣ ይህን ነገር አንተ ጨርሰው› አሉኝ። ጨረስኩት።»

«የራስህን አክታ ሰጠህ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አላስቸገረኝም። ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ እንጨት እፈልጥላቸዋለሁ፣ ቁራሻቸውን ለምኜ አመጣለሁ። ይህ ምኑ ይከብዳል?» ፊቱ ላይ ቅንጣት ተንኮል የለም። እንዲያውም ፈገግ አለ። «ነጻ ናቸው ሲባል ደስ አለኝ።»

«ነጻ የተባልከው እኮ አንተ ነህ!» ብዬ ጮህኩ። በሥራ ዘመኔ ጮኸች ተብዬ አላውቅም፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮት ብቅ አለች። «አንተ ጤነኛ ነበርክ! ጤነኛ መሆንህን ነው የጻፍንላቸው!»

የገባው ያን ጊዜ ነው። ኩባያውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቆመ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጎጆ ውስጥ፣ ከየኔታ እግር ሥር ነበር የሚተኛው።

የእሱ ውጤት ሳይደርስ ማግሥቱን ለማንም ሳልናገር መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ሞተር ብጠይቅ ኖሮ እስከ ጥምቀት «ይታይልሽ» እባል ነበር። ከቅኔ ቤቱ ሳልደርስ ሳሉን ሰማሁት። ዓይኔን ብትሸፍኑኝ በዚያ ድምፅ ብቻ እፈርድ ነበር።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፤ በሩን መልሺው፣ ብርዱ አይጣል ነው።»

«እዚሁ ደጅ ብንቀመጥስ? ፀሐዩ ጥሩ ነው።»

እየከበዳቸው ወጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ቆሙ። የመጣሁበትን ስነግራቸው በደግነት ፈገግ አሉብኝ።

«የእኔ ነገር ተጣርቷል ልጄ። ነጻ ነህ የሚል ወረቀት ልካችሁልኛል።»

«ወረቀቱ እውነት ነው የተናገረው የኔታ። የተናገረው ግን ስለ ይትባረክ ነው።»

አልገባቸውም። ነገርኳቸው። ኩባያውን፣ ንግሡን፣ ይትባረክ አሁን ያለበትን። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ።

«ጨርሰው አልኩት እንጂ ስጥልኝ አላልኩትም» አሉ።

«ምን እንዲጨርስ አስበው ነበር?»

መቁጠሪያቸውን አዩ። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም አልመለሰልኝም።

«ዛሬ ቆርበዋል?» አልኳቸው።

«አልቆረብኩም። ቢሆንስ በሴት ልጅ ፊት፣ በደቀ መዛሙርቴ ፊት…»

«የኔታ፣ ሰው ስለ ሌላ ሰው ይቆርባል?»

«አይቆርብም።»

«ንስሐስ በውክልና ይገባል?»

«አይገባም።»

«ሳልም በውክልና አይሳልም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ቅኔ ቤት ገብተሽ ቢሆን መምህርሽን ታስቸግሪው ነበር» አሉ።

«ዘግይቼ ስለተማርኩ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ርቀን ሄድን። ኩባያውን ሰጥቼ ጀርባዬን አዞርኩ። የመጀመሪያው ከጉሮሮ ነበር፤ «ገና ነው» አልኩ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ከሥር፣ ከመሠረቱ ተነሣ። «እሱ ነው» አልኩ። ክዳኑን ገጥመው በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ።

የሁለቱም ውጤት በአንድ ቀን ወጣ። የየኔታ ሦስት ፕላስ ነበር፤ ከዚያ በላይ የለም። የይትባረክም ቲቢ ነው። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት አይቶ፣ ግንባሩን አሽቶ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሲስተር፣ የበፊቱ ‹ነጻ› ሪፖርት ተደርጓል እኮ። ይሄን አሁን እንዴት ነው የምናስገባው?»

መልሴን እዚህ አልጽፈውም። ሞተሩ ግን ያን ቀን ተገኘ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ተመረመሩ። የታመሙት መድኃኒት ጀመሩ፤ ላልታመሙት መከላከያ ኪኒን ተሰጠ። ቅኔው ደጅ ዛፍ ሥር እንዲነገር አደረግን፤ ለጥቂት ቀን ሁሉም ስለ ብርዱ አለቀሱብኝ።

ይትባረክ ግን ዘግይቶ ነበር። ሁለቱም ሳንባው ተበልቷል። ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላክነው፤ እኔም በየቅዳሜው መስኮቱ በተጠረቀመ ሚኒባስ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዳየኝ፣

«የኔታ ጀመሩ?» አለ።

«ጀምረዋል።»

«ራሳቸው ናቸው የዋጡት?»

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ነርሷ ተቆጣችኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግን ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። እንዲህ ያለ ልጅ! ያን ሁሉ ቅኔ በቃሉ የያዘ፣ ግዕዙን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ አንድ ሰው «ይህ ነገር የሰው ሳንባ ነው፤ አይወከልም» ብሎ ያልነገረው! መድኃኒቱ ትክክለኛ ነበር፤ መጠኑ ትክክለኛ ነበር፤ አንድም ቀን አልተዛነፈም። ብቻ ክረምቱን ሙሉ በሽታው የት እንዳለ እየጠረጠርኩ አልደረስንለትም። ከገና በፊት ሞተ። ወላጆቹ ሬሳውን ወሰዱት።

ለየኔታ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኪኒናቸውን የሚውጡት እዚያው ቀበሌ ጤና ኬላ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰዓቱን የመረጥነው ተከራክረን ነው፤ እሳቸው በጠዋት ኪኒን አይወርድልኝም አሉ፣ እኔም ጠዋትነቱ ግድ አይደለም፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን እንጂ ብዬ ተስማማሁ። ያን ቀን ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ጨበጡ።

«እንግዲህ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እሱ አፈር ገብቶ እኔ ልድን?»

የጤና ኬላዋ ልጅ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ የመጣብኝ ቁጣ ነው።

«የኔታ፣ እሱ ስለ እርስዎ ተፋ። እርስዎ ደግሞ ስለ እሱ ሊሞቱ ነው። እዚህ አገር ሰው የራሱን ነገር ራሱ የሚያደርገው መቼ ነው? እነዚያ ልጆች ደጅ ቁጭ ብለው እየጠበቁዎት ነው። ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል፤ ያኔ ይህ ኪኒን አያድናቸውም። ይዋጡ!»

በዚያ ዕድሜ ላለ ካህን እንዲህ መናገር ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላደረግኩትም። የኔታ ጭብጣቸውን ፈቱ፤ የኪኒኖቹ ቀይ ቀለም በላባቸው ለቆ መዳፋቸውን አቅልቶታል። ውኃ ስጪኝ አሉ። ዋጡ።

«የይትባረክ አገሩ በየት በኩል ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከሽንዲ ማዶ» አሉ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ወርዷል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላጓደሉም። በሁለተኛው ወር፣ በአምስተኛው፣ በመጨረሻው፣ አክታቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ኩባያውን ለማንም አያስይዙም። ተፈወሱ። ሲጨርሱ በደንቡ መሠረት ወረቀት ልሰጣቸው ስል እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ወረቀት አንዴ ሰጣችሁኝ» አሉ። «ይበቃኛል።»

ይህን ጽፌ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን የኔታ እኔን በዚህ አልለቀቁኝም። ከዚያ በኋላ ወደ ቅኔ ቤታቸው የሚመጣ አዲስ ተማሪ ሁሉ ጎጆ ከመሰጠቱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት አሉ። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በየገበያው ቀን ጉንጫቸው የሞላ፣ ሳል የሚባል ነገር የማያውቁ፣ ከየአገሩ የመጡ ጎረምሶች በሬ ላይ ይሰለፉልኝ ጀመር። የላብራቶሪው ባለሙያ አበደ። ኃላፊው፣ ያም ተቀይሮ ሌላ መጥቷል፣ «እነዚህን ማን ነው የሚልካቸው?» እያለ ይጮሃል። የማያስል ሰው ከየት አምጥቶ ይተፋል? ለየኔታ ሁለት ጊዜ ላክሁባቸው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነው፣ ሳል ያለበትን ብቻ ይላኩ ብዬ። «እሺ ልጄ» ይላሉ። በቀጣዩ ገበያ ደግሞ ይልካሉ። መላክ ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው አብረው ይመጣሉ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንዱን ይዘው መጡ። በሬ የሚያህል፣ ደረቱ ሰፊ ልጅ ነው። ሳል የለውም፣ ላብ የለውም፣ አልከሳም፣ ሁሉንም ጠየቅኩ። በሥራ ብዛት ራሴን እያመመኝ ነበር።

«የኔታ፣ ይህ ልጅ ምንም የለውም። ምን አምጣ ልበለው?»

«ይሞክር» አሉ።

«የሚወጣ ነገር የለም እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ይሞክር።»

ከክፍሉ ጀርባ ወስጄ ኩባያውን ሰጠሁት፤ ምን ላድርግ? ልጁ አፍሮ መምህሩን አየና ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ የኔታም እንዲዞሩ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። አልዞሩም። በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ከልጁ አፍ ሳይነቅሉ ቆሙ።

«ሲተፋ ልየው» አሉ።